እንካ ስላንትያ በኔዘርፊልድ ሳሎን

ሚስ ቢንግሊ ፒያኖው ላይ ተቀምጣለች። የጣሊያንኛ ዘፈኖቿን ጨርሳ ወደ አንድ ፈጠን ያለ የስኮትላንድ ዜማ ተሻግራለች። ኤልሳቤጥ ቤኔት እዚያው ቆማ የሙዚቃ ደብተሮችን ታገላብጣለች። ሚስተር ዳርሲ ጠጋ ይልና ይጠይቃታል፤ በዚህ ዜማ ተነስቶ መጨፈር አላሰኛትም ወይ? ፈገግ ትላለች እንጂ አትመልስም። ዝምታዋ ይገርመውና ጥያቄውን ይደግመዋል።

አሁን ትናገራለች። መጀመሪያም ሰምታዋለች፤ መልሷን እየመረጠች ነበር። እሺ እንድትል የፈለገው ምርጫዋን ለመናቅ እንዲመቸው መሆኑን አውቃበታለች። የእሷ ደስታ ደግሞ እንዲህ አስቀድሞ የተደገሰን ንቀት ማክሸፍ ነው። ስለዚህ መጨፈር አትፈልግም፤ ከደፈረ በዚህ ይናቃት። የዳርሲ መልስ በእንግሊዝኛው አምስት ቃል ብቻ ናት። እንደማይደፍር ይነግራታል።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ላገላብጠው። የእሷ ንግግር ረዘም ይላል፤ በሦስት እርከን የተሠራ ነው። በመጀመሪያው ዝምታዋን ታስረዳለች። በሁለተኛው የእሱን ሐሳብ እሱ ሳይናገረው ራሷ ትተርክለታለች። በሦስተኛው እምቢ ትልና «እስቲ ድፈር» ዓይነት ነገር ትጥልበታለች። የንግግሯ ማሳረጊያ «መድፈር» የምትለው ቃል ናት። ዳርሲ ከዚያ ሁሉ ንግግር አንዲቱን ብቻ ያነሳል፤ የመጨረሻዋን። እሷ እንደ ጦር የወረወረቻትን እሱ እንደ እጅ መንሻ ይመልሳታል። ከራሱ ያዋጣው አሉታውን ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ኤልሳቤጥ ልታስቀይመው አስባ ነበርና በትሕትናው ትደነቃለች። እሱ ደግሞ በየትኛዋም ሴት እንዲህ ተማርኮ አያውቅም። ደራሲዋ ጄን ኦስተን ይህን መማረክ የምትነግረን ቃሏ ሄዳ ከተመለሰች በኋላ ነው።

እንዲህ ያለውን ቅብብል እኛም ከልጅነታችን እናውቀዋለን። አንዱ «እንካ ስላንትያ» ይላል፤ ሌላው «በምንትያ» ብሎ ይቀበላል። የመጀመሪያው አንድ ነገር ይሰይማል፤ እህል ይሁን፣ ዕቃ ይሁን፣ እንስሳ ይሁን። ሁለተኛው ያንኑ ስም መልሶ ይጠይቃል። ከዚያ የሚመጣው ስድብ በተሰየመው ነገር ቤት መምታት አለበት። ያልተሰየመ ነገር ከየትም አምጥቶ መሳደብ አይቻልም፤ ቃሉ ከሁለቱም አፍ ማለፍ አለበት። ስድቡ ምንም ቢከፋ ቂም አይያዝበትም፤ ሁለቱም ቃል እየተቀባበሉ መሆናቸውን ያውቃሉ።

በፍቅር ልብ ወለድ ውስጥ የሁለት ሰዎች ተረብም በዚሁ ሕግ የሚሠራ ይመስለኛል። ብዙ ጸሐፊ ስለቱ ላይ ይደክማል። እኔ ሳነብ የማየው መጋጠሚያውን ነው። መላሹ ከተናጋሪው አፍ የትኛዋን ቃል አነሳ? በየት በኩል ያዛት? ምን አድርጎ መለሳት? ቃል ማንሳት የሚችል የሰማ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ አንባቢ የሁለቱን መዋደድ ከማወቁ በፊት መደማመጣቸውን ያውቃል። ለከፋ መልስ አይጠብቅም። ሽሙጥ የተሠራው መልስ እንዲያጣ ሆኖ ነው። ተረብ ግን የሚመለስበትን ጎን ክፍት ይተዋል። ኤልሳቤጥ ከደፈረ እንዲንቃት ስትፈቅድለት በሩን ገርበብ አድርጋ ነው የተወችው፤ ዳርሲም በዚያችው ክፍተት ነው የገባው።

መጽሐፉ «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» ነው፤ «ኩራትና ጭፍን ፍርድ» ልንለው እንችላለን። ለንደን ውስጥ በጥር 1813 እ.ኤ.አ. በሦስት ቅጽ ታተመ። ዋጋው 18 ሽልንግ ነበር። ደራሲዋ መብቱን ለአሳታሚው ለቶማስ ኤገርተን በ110 ፓውንድ ሸጣለታለች፤ ስሟም መጽሐፉ ላይ አልወጣም። የመጀመሪያውን ረቂቅ የጻፈችው በሌላ ርዕስ ነው፤ በ1796 ጀምራ በ1797 ስትጨርሰው ገና 21 ዓመቷ ነበር። ሲታተም 37 ሞልቷታል። መጽሐፉ በወጣ ሰሞን ለእህቷ ለካሳንድራ በጻፈችው ደብዳቤ ቆርጣና ከርክማ እንዳሳጠረችው ትነግራታለች። የእጅ ጽሑፉ አልተረፈም፤ የተቆረጠው ምን እንደነበር ማየት አይቻልም። በሃምፕሻየር፣ ቻውተን በሚባል መንደር የኖረችበት ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው። ስትጽፍበት ነበር የሚባለው ጠረጴዛ እዚያ ተቀምጧል። ከዋልነት እንጨት የተሠራ፣ አሥራ ሁለት ጎን ያለው፣ ትንሽ ጠረጴዛ ነው። ወረቀትና የቀለም ዕቃ ካረፈበት ለሌላ ነገር ብዙ ቦታ አይተርፈውም።

በዚያው ደብዳቤ ላይ አንዲት የሙያ ነገር አለች። ኦስተን የታተመውን መጽሐፍ ስታነበው አልፎ አልፎ «አለ» ወይም «አለች» ቢጨመር ንግግሩ ወዲያው ግልጽ ይሆን እንደነበር ታስተውላለች። ግን አትቆጭበትም፤ ራሱን ትንሽ ለማያስጨንቅ አንባቢ እንደማትጽፍ ለእህቷ ትገልጽላታለች። ወደ ጭፈራው ጥያቄ እንመለስ። የዳርሲ አምስት ቃላት አጠገብ «አለ» የለም። ማን እንደተናገረ የሚያሳውቀን ከእሷ አፍ የተወሰደችው ቃል ናት። «አለ ዳርሲ» ተብሎ ቢጻፍ በውርወራውና በምላሹ መካከል ትንሽ አየር ይገባ ነበር። ምንም የለም፤ ሁለቱ ንግግሮች እንደ ተላገ ሣጥን ክዳን ገጥመው ተቀምጠዋል።

ይህ በእንግሊዝኛ ከባድ ሥራ ነው። አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ እናንተ ሁሉም በአንድ ቃል ይጠራሉ። ግሱም ወንድ ከሴት አይለይም። «አለ» እና «አለች» ከወጡ ተናጋሪውን የሚያሳውቅ የነገሩ ይዘት ብቻ ነው። አማርኛ እዚህ ላይ ባለጸጋ ነው። ግሳችን ማን ለማን እንደሚናገር ይዞ ይዞራል፤ ክብሩንም ይዞ ይዞራል። ለማሳያ እንዲሆን አንዲት ጨዋታ ልጻፍ። እኩዮች ናቸው፤ ቡና ተፈልቷል፤ እሱ አርፍዷል።

«ቡና ልቅዳልዎት?»

«ከመቼ ወዲህ ነው አንቱ የተባልኩት?»

«ሁለት ሰዓት ሙሉ አስጠብቀውኝ የለ? የሚጠበቅ ሰው አንቱ ነው።»

«እንግዲያው እጅ ያስታጥቡኛ።»

«ውሃው ጓሮ ነው፤ ሂድና ቅዳ።»

አምስት ዙር ነው፤ አንድም «አለ» የለበትም። የመጀመሪያው ዙር ጨዋታውን የከፈተው በአንድ የግስ መድረሻ ነው፤ «ልዎት» ላይ። ቅያሜዋ እዚያች ላይ ተቀምጧል። እሱ ቅያሜውን ትቶ ክብሩን ያነሳል። እሷ ክብሩን ታጸድቅለታለች፤ ምክንያቱን ግን ከማርፈዱ ታመጣለች። እሱ የተሰጠውን ክብር ይቀበልና ዋጋውን ይጠይቃል፤ ለአንቱ ውሃ ይቀርባል። በዚያው አፉ እሱም አንቱ ይላታል፤ የተሰጠውን መልሶ መስጠቱ ነው። በመጨረሻ እሷ ውሃውን ታነሳና ክብሩን ትጥለዋለች። ከ«ያስታጥቡኛ» እስከ «ሂድና» ድረስ ያለችው ቁልቁለት ናት ጨዋታውን የምትዘጋው። ታርቃዋለች፤ አንተ ብላዋለችና። የመጀመሪያው ግስ በ«ልቅዳልህ» ቢለወጥ አምስቱም ዙር የሚቆሙበት አይኖራቸውም።

ለዚህ ነው ኤልሳቤጥና ዳርሲን ወደ አማርኛ የሚያመጣ ሰው የሚገጥመውን ምርጫ ደጋግሜ የማስበው። በእንግሊዝኛው ርቀታቸውን የያዘው «ሚስተር» እና «ሚስ» የሚለው ነው። በአማርኛ እያንዳንዱ ግስ መወሰን አለበት። እኔ ብሆን እስከ መጨረሻው ድረስ አንቱ እንደተባባሉ አቆያቸዋለሁ። ከደፈሩ ይናቁኝ ማለት ከደፈርክ ናቀኝ ከማለት ይሻላል፤ ክብሩ ሳይነካ ነው ፈተናው የሚጣፍጠው። አንዴ ብቻ፣ በምዕራፍ 60፣ እሷ ቀድማ አንተ እንድትለው አደርጋለሁ።

ኦስተን ጥሩውን ተረብ ብቻ አይደለም የሠራችው። ያልተሳካውንም በዚያው ጥንቃቄ ሠርታ አጠገቡ አስቀምጣዋለች። የጭፈራው ጥያቄ ባለበት በምዕራፍ 10 መጀመሪያ ላይ ዳርሲ ለእህቱ ደብዳቤ ይጽፋል። ሚስ ቢንግሊ አጠገቡ ተቀምጣ ታወራዋለች። የእጅ ጽሑፉ ያምራል፤ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፤ ሲጽፍ ይፈጥናል። ቀስ ብሎ እንደሚጽፍ ይነግራታል። ደብዳቤው ረጅም ነው ትለዋለች። ብዕሩን ልትቀርጽለት ትጠይቃለች፤ በዚያ ዘመን ብዕር ላባ ነውና ሲደነዝዝ በቢላ ይቀረጻል። ብዕሩን ሁልጊዜ ራሱ እንደሚቀርጽ ይመልስላታል። መልሶቹን ብቻ ተራ በተራ አንብቧቸው። እያንዳንዱ ሙሉ ነው፤ ትክክል ነው፤ ዝግ ነው። ሚስ ቢንግሊ ቃል እየሰጠችው አይደለም፤ ሙገሳ እያፈሰሰችበት ነው። ሙገሳ ደግሞ የሚያዝበት እጀታ የለውም። እሷም ከመልሶቹ ምንም አታነሳም፤ ወደሚቀጥለው ሙገሳ ታልፋለች። ኤልሳቤጥ በመርፌ ሥራዋ ላይ አቀርቅራ ይህን ትሰማለች፤ እኛም አብረናት። ከጥቂት ገጽ በኋላ የጭፈራው ጥያቄ ሲመጣ ልዩነቱን ማንም ሳያስረዳን ጆሯችን ተዘጋጅቷል።

የኔዘርፊልድ የጭፈራ ምሽት ላይ ደግሞ ኦስተን ሌላ ስልት ትሞክራለች፤ ስለ ወግ ራሱ ማውጋት። ሁለቱ ሲጨፍሩ ረጅም ዝምታ ይወርዳል። ኤልሳቤጥ ስለ ጭፈራው አንድ ነገር ትላለች፤ ይመልስና ዝም ይላል። ያን ጊዜ ተራው የእሱ መሆኑን ታስታውሰዋለች። እሷ ስለ ጭፈራው ተናግራለች፤ እሱ ስለ ክፍሉ ስፋት ወይም ስለ ጥንዶቹ ብዛት ይበል። ቆንጆ ነው፤ የእንካ ስላንትያውን ሕግ ጮክ ብሎ እንደማንበብ ያለ ነው። ነገር ግን ትንሽ ቆይቶ ዳርሲ የሚጠላው የዊካም ነገር ይነሳና የዳርሲ ፊት ይጨልማል፤ ቅብብሉም ይቆማል።

ከሁሉም አብልጬ የማደንቀው ግን ምዕራፍ 31ን ነው። ቦታው ሮዚንግስ ነው፤ የዳርሲ አክስት የሌዲ ካትሪን ቤት። ፒያኖው ላይ አሁን ኤልሳቤጥ ናት። የዳርሲ ዘመድ ኮሎኔል ፊትዝዊሊያም ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀምጧል። ሌዲ ካትሪን ግማሽ ዘፈን ሰምታ ወሬዋን ቀጥላለች። ዳርሲ አክስቱን ትቶ ይመጣና የኤልሳቤጥ ፊት በደንብ የሚታይበት ቦታ ላይ ይቆማል። ኤልሳቤጥ ዜማው ፋታ ሲሰጣት ቀና ትልና ሊያስፈራራት እንደመጣ ትከሰዋለች። እሱ ተሳስተሻል አይላትም። እንዲህ ብላ እንደማታምን ያውቃል፤ የራሷ ያልሆነ ሐሳብ እንደራሷ አድርጋ መናገር ደስ እንደሚላት ለማወቅ የሚበቃ ትውውቅ አላቸው። ኤልሳቤጥ ከልቧ ትስቃለች። ዳርሲ እዚህ ላይ ካለፈው ጊዜ የበለጠ አድርጓል። በምዕራፍ 10 ያነሳው ቃሏን ነበር፤ አሁን ያነሳው አነጋገሯን ነው።

ከዚህ በኋላ ቃላቱ አንድ በአንድ ሲቀመጡ ተመልከቱ። ኤልሳቤጥ ወደ ኮሎኔሉ ዞራ ዳርሲን መጀመሪያ ያየችበትን ምሽት ትተርካለች። ወንድ ባነሰበት ጭፈራ ላይ የጨፈረው አራት ጊዜ ብቻ ነው። ከራሱ ሰዎች ሌላ የሚያውቃት ሴት አልነበረችም ሲል ይከላከላል። ጭፈራ ላይ መተዋወቅ ክልክል ነውና ብላ ታጸድቅለትና ወዲያው ኮሎኔሉን ምን እንድትጫወትለት ትጠይቀዋለች፤ ጣቶቿ ትእዛዙን እየጠበቁ ነው። «ጣቶች» እዚህ ላይ ተቀመጡ፤ ሲያነቡት የጨዋነት ቃል ብቻ ይመስላል። ዳርሲ ከማያውቀው ሰው ጋር ራሱን ማስተዋወቅ እንደማይችልበት ያምናል። «የማያውቁት ሰው» ተቀመጠ። ኤልሳቤጥ ምክንያቱን ከኮሎኔሉ ትጠይቃለች። ኮሎኔሉ ይመልሳል፤ መድከም ስለማይፈልግ ነው። «መድከም» ተቀመጠ፤ ያስቀመጠው ደግሞ ሦስተኛ ሰው ነው። ዳርሲ ሌሎች ያላቸው፣ ከማያውቁት ሰው ጋር በቀላሉ የማውጋት ተሰጥኦ እንደሌለው ያስረዳል።

አሁን ኤልሳቤጥ ሁሉንም ትሰበስባቸዋለች። ጣቶቿ በፒያኖው ላይ እንደ ሌሎች ሴቶች ጣቶች አይፈጥኑም፤ ያንን ኃይል የላቸውም። ግን ይህን ሁልጊዜ የራሷ ጥፋት አድርጋ ነው የምትቆጥረው፤ ለመለማመድ ስላልደከመች። ጣቶቹ ከራሷ ጨዋነት የመጡ ናቸው። ድካሙ ከኮሎኔሉ አፍ የመጣ ነው። ችሎታ የማጣቱ ነገር ከዳርሲ የመጣ ነው። አንድም አዲስ ዕቃ ከውጭ አላስገባችም። ወቀሳው ደግሞ ራሷን የምትወቅስ መስሎ ነው የሚደርሰው፤ ስለዚህ አያቆስልም። ሰምና ወርቅ ያደገበት ጆሮ ይህን ቶሎ ይይዘዋል። ሰሙ ፒያኖ ነው፤ ወርቁ ዳርሲ ነው።

ዳርሲ ፈገግ ይላል። ትክክል መሆኗን ይቀበላል። ቀጥሎ ሙዚቃዋን ይቀበልና ሁለቱንም በአንድ ዐረፍተ ነገር ያስገባቸዋል፤ ሁለቱም ለማያውቁት ሰው አይጫወቱም። «የማያውቁት ሰው» የራሱ ቃል ነበር፤ መጫወት የእሷ ሥራ ነው። «እኔ» እና «አንቺ» እንደ ሁለት ሲወራወሩ ቆይተው «ሁለታችንም» የሆኑት እዚህ ላይ ነው። በምዕራፉ ውስጥ ማንም ስለ ፍቅር አላወራም። ሌዲ ካትሪን ከማዶ ሆና ምን እንደሚያወሩ ትጠይቃለች። ኤልሳቤጥ ወዲያው መጫወት ትጀምራለች።

ከሦስት ምዕራፍ በኋላ ዳርሲ የጋብቻ ጥያቄ ያቀርባል፤ እምቢ ይባላል። እዚያ ትዕይንት ውስጥ ተረብ የለም። ቆይቶ፣ በምዕራፍ 58፣ ያን ጊዜ ጥያቄውን እየጠበቀች ይመስለው እንደነበር ይነግራታል። የጨዋታዋን ጣዕም በልኩ ሰምቷል፤ ትርጉሙን ግን ለራሱ እንዲስማማ አድርጎ ወስዶታል። ኦስተን ይህን ስህተት ማስገባቷ መጽሐፉን ከብዙ የፍቅር ታሪኮች የሚለየው ይመስለኛል። የሚያምር ቅብብል ብቻውን ሁለት ሰዎችን አያጋባም።

በዚያው ምዕራፍ 58 ከተግባቡ በኋላ አንዲት ያልተነገረች ቀልድ አለች። ዳርሲ ጓደኛው ቢንግሊን እንዴት እንደመከረው ያወራል። ኤልሳቤጥ ቢንግሊ ምን ያህል ተመሪ ሰው መሆኑን አንስታ ልትነካው ይቃጣታል። ትታገሳለች። ዳርሲ ሲሳቅበት መቻልን ገና አልተማረም፤ ለመጀመርም ትንሽ ይቸኩላል። ደራሲዋ ቀልዷን ለእኛ ትነግረንና ከእሱ ትደብቃታለች። እስከዚያች ገጽ ድረስ ያገኘችውን ሁሉ የምትናገረው ኤልሳቤጥ፣ የምትወደው ሰው ፊት ዝም ብላ አንዲት ዐረፍተ ነገር ውጣለች። በመጽሐፉ ካሉት መልሶች ሁሉ ይህቺን ያልተመለሰችውን ከምርጦቹ ጋር እቆጥራታለሁ።

መጽሐፉ ቻውተን እንደደረሰ ቤተሰቡ ለአንዲት ጎረቤት ድምፅ አውጥቶ አንብቦላታል፤ ደራሲዋ ማን መሆኗን ሳይነግራት። በሁለተኛው ምሽት ንባብ ኦስተን አልተደሰተችም። እናቷ ባለታሪኮቹን በደንብ ብታውቃቸውም ትፈጥናለች፤ እንደሚገባቸውም ማናገር አትችልም ስትል ለካሳንድራ ጽፋለች። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ የሰማ ሰው ቅሬታዋ ይገባዋል። ወጋየሁ ሲያነብ ማን እየተናገረ እንደሆነ «አለ» ሳይመጣ ይታወቅ ነበር።

ስለዚህ መጽሐፉን ስታገኙ፣ በየትኛውም ቋንቋ ይሁን፣ ምዕራፍ 10ን ሁለት ሆናችሁ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። አንዳችሁ እሷን፣ አንዳችሁ እሱን ያዙ። አትፍጠኑ። ከመጀመሪያው ጥያቄ በኋላ ያለችውን ዝምታ አትዝለሏት።